የአዲስ አበባ አየር፣ የላዳ ሞተር እና ያልተሞከሩት ረድፎች

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ሆኗል። አንደኛው ስለ ባትሪና ስለ ቻርጀር ነው። ሁለተኛው፣ ጋዜጣ ላይ እምብዛም የማይወጣው፣ እዚሁ ስላሉት አሮጌ መኪኖች ነው። ምትክ ካልገባ ያለውን ማሰንበት ግድ ነውና ላዳው፣ ቮልሱና ዲኤክሱ ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ይቆያሉ። ካርቡራተርና ዲስትሪቢዩተር ላላቸው እንዲህ ዓይነት ሞተሮች ባለፉት ሃያ ዓመታት ውጭ አገር የተስፋፋ አንድ አሠራር አለ፤ የካንዴላው እሳት የሚለኮስበትን ቅጽበት ለዲስትሪቢዩተሩ መተው ቀርቶ በላፕቶፕ በሚሞላ ሰንጠረዥ መወሰን። ብዙ ሰው ይህን የእሽቅድምድም ወዳጆች ጨዋታ አድርጎ ያየዋል። በእኔ አመለካከት ግን ጉዳዩ ከእሽቅድምድም ይልቅ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ይቀርባል። ጥቅሙም አደጋውም የሚመነጨው ከአንድ ቦታ፣ ከምንተነፍሰው አየር ነው።

ካንዴላው ብልጭ ሲል ሲሊንደር ውስጥ ያለው ድብልቅ ባንዴ ነድዶ አያልቅም። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ እስኪዳረስ ጊዜ ይወስዳል። ሞተሩ ከቃጠሎው ብዙ ጉልበት የሚያገኘው ደግሞ ትልቁ ግፊት ፒስተኑ የላይኛውን ጫፍ ካለፈ በኋላ፣ 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ እሳቱ ፒስተኑ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ መለኮስ አለበት። ስንት ዲግሪ ቀድሞ የሚለው ግን ቋሚ መልስ የለውም። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ክራንኩ አንድ ዲግሪ የሚዞረው በ56 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፤ 6,000 ላይ በግማሹ። ሞተሩ ሲፈጥን ማስቀደም የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ፔዳሉ በስሱ ተረግጦ ሲሊንደሩ በግማሽ ብቻ ሲሞላ ቃጠሎው ራሱ ይንቀረፈፋል፤ አሁንም ማስቀደም ያስፈልጋል። ዳገት ላይ ሲረገጥና ሲሊንደሩ ጢም ሲል ደግሞ መቀነስ ይገባል። ካልተቀነሰ ዳር ላይ ያለው ያልነደደ ድብልቅ፣ እሳቱ ሳይደርስበት፣ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ይነሳል። ሾፌሩ ከቴስታታው አካባቢ የሚሰማው የብረት ማንኳኳት ይኸው ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባለ ጋስኬት ይበላል፣ ፒስተንም ይበሳል።

ዲስትሪቢዩተር ለዚህ ሁሉ መልስ እንዲሰጥ የተሠራ ብልሃተኛ ዕቃ ነው። ውስጡ ሁለት ትንንሽ ክብደቶችና ስፕሪንጎች አሉ፤ ዘንጉ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ እየተገፉ እሳቱን ያስቀድማሉ። በጎኑ የተለጠፈችው ክብ ቆርቆሮ፣ ቫኪዩሟ፣ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ከካርቡራተሩ ጋር ተያይዛ ሞተሩ ምን ያህል እንደተረገጠ እየተከታተለች ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች። ይህቺ ቫኪዩም አዲስ አበባ ላይ ትታለላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውስጧ ያለው ስስ ጎማ አንዱ ገጹ ወደ ማኒፎልዱ፣ ማለትም ድብልቁ ከካርቡራተር ወደ ሲሊንደር ወደሚያልፍበት ቱቦ፣ ሌላው ወደ ውጭው አየር ነው። የምትለካው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንጂ ሲሊንደር ውስጥ የገባውን አየር አይደለም። በባሕር ወለል የውጭው ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን 77 ገደማ ነው። አንድ ላዳ በሜዳ መንገድ ላይ ማኒፎልዱ ውስጥ 45 ኪሎፓስካል ይዞ እየሄደ ነው እንበል። ጅቡቲ ላይ ቫኪዩሟ የምታየው ልዩነት 56 ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 32 ብቻ ነው። የገባው ድብልቅ ያው ሆኖ ሳለ የምታስቀድመው ዲግሪ ያንሳል። ከፍታ ላይ ጭስ በቀለለ ሁኔታ ስለሚወጣ ሲሊንደር ውስጥ የሚቀረው ጋዝ ጥቂት ይቀንሳል፣ ቃጠሎውም በጥቂቱ ይሻሻላል፤ ሆኖም ይህ ጉድለቱን አይሞላውም። ያውም ቫኪዩም ስላላቸው ነው የምናወራው። የመጀመሪያዎቹ 2101 ላዳዎች ዲስትሪቢዩተር ቫኪዩም ጨርሶ አልነበረውም። በዓለም ዙሪያ የቮልስ ባለቤቶች እየገዙ የሚገጥሙት የቦሽ 009ም በክብደት ብቻ የሚሠራ ነው።

ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥስ? ያን ጊዜ ቫኪዩሟ ሥራ ትፈታለች፤ ክብደቶቹ ደግሞ ስለ ከፍታ የሚያውቁት ነገር የለም። ፋብሪካው ለ100 ኪሎፓስካል ያሰበውን ዲግሪ ለ75ም ይሰጡታል። በአየሩ መሳሳት ብቻ ሩብ ያህል ጉልበቱን የከሰረ ሞተር በታይሚንጉም በኩል ሌላ ጥቂት ይከስራል ማለት ነው። ከፍታ ለሞተር የሚሰጠው አንድ ምሕረት ማንኳኳትን ማብረዱ ነው። በአሜሪካ እንደ ኮሎራዶ ባሉ ተራራማ ግዛቶች 85 ኦክቴን ቤንዚን ሲሸጥ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ምሕረቱ ግን ጥቅም ላይ የሚውለው የሚያስቀድም እጅ ሲገኝ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ መካኒክ ይህን ሒሳብ በወረቀት ባይሠራውም በእጁ ያውቀዋል። የዲስትሪቢዩተሩን ማሠሪያ ያላላል፣ ቀስ እያለ ያዞራል፣ ሚኒሞው ከፍ እያለ ሲመጣ ያዳምጣል፣ ጥቂት ይመልሳል፣ ከዚያ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ይረግጠዋል። ይህን አሠራር ኋላ ቀር እያሉ የሚያናንቁ አሉ። እኔ አላናንቀውም፤ ፋብሪካው ለባሕር ወለል ያሰበውን ለደጋ ሲያስተካክል የኖረው ይኸው ጆሮ ነው። ችግሩ ዲስትሪቢዩተር በ5 ዲግሪ ሲዞር ሁሉም ነገር በ5 ዲግሪ አብሮ መሄዱ ነው። ለሜዳው መንገድ የተጨመረው ለሞተሪኖም ይደርሰዋል፤ ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ሲነሳ ሞተሪኖውን መልሶ ይመታዋል። ሚኒሞውም ያለ ፍላጎቱ ይወጣል፣ ከዚያ በካርቡራተር ብሎን ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ መኪናው ማርሽ ሲገባ ይጠፋል። አንዱን ለማዳን ሌላውን ማሳመም።

ታይሚንግን ከብረት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ማሻገር የአንድ ጀምበር ሥራ አልነበረም። ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. ለ1912ቱ ካዲላክ ያበጀው የባትሪና የኮይል ማቀጣጠያ መሠረቱ ሳይነካ ለስልሳ ዓመት ያህል ገዝቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ክራይስለር ሊን በርን የተባለውን ኮምፒውተር አየር ማጣሪያው ላይ ለጥፎ ገበያ አወጣ፤ ሙቀትና ንዝረት እየጎዳው ብዙ ባለቤት አውልቆ ወደ ቀድሞው ዲስትሪቢዩተር ተመለሰ። በዓመቱ ጀነራል ሞተርስ በኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ላይ ማይክሮፕሮሰሰር ተጠቀመ፤ በ1979 የቦሽ ሞትሮኒክ በቢኤምደብሊው 732አይ ውስጥ ነዳጁንና እሳቱን በአንድ ሳጥን አዋለ። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ በየመኪናው ገባ፣ ግን ለባለቤቱ ተቆልፎ። ቁልፉን የከፈቱት በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ መሐንዲሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ ሜጋስኩዊርት የተባለውን የኮምፒውተር ሰሌዳ ይዘው ሲመጡ ለነዳጅ ብቻ ነበር፤ እሳቱን የጨመሩበት ሌሎች ናቸው። ዛሬ አውስትራሊያዊው ጆሽ ስቱዋርት የጀመረው ስፒዱዊኖ፣ ተማሪዎች መብራት ለማብራት በሚለማመዱበት አርዱዊኖ ሜጋ ላይ ተጭኖ፣ 16 በ16 የሆነ የእሳት ሰንጠረዥ ይይዛል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲሸሽጉት የነበረው ነገር ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

ላዳ ላይ ሥራው ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ተራ ፑሊ ይወጣና ጥርስ ያለው ይተካል። ደግነቱ ሩሲያኖቹ ራሳቸው ላዳን ወደ ኢንጀክሽን ሲቀይሩ ለ60 ጥርስ ተከፍሎ ሁለቱ የጎደሉበትን ፑሊ አብረው አውጥተዋል። ጥርሶቹ በየ6 ዲግሪው አንድ ናቸው። ሴንሰሩ ከጥርሱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል። ጥርስ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ቮልት ይሰጣል፣ የጎደሉት ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ኮምፒውተሩ ክራንኩ የት እንዳለ የሚያውቀው ከዚያ ዝምታ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ተነቅሎ ቀዳዳው ይደፈናል፤ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ጊር ከሥሩ ስለሚቀር አይነካም። በምትኩ ሁለት ኮይል በአንድ የያዘ ጥቅል ይገጠማል። እያንዳንዱ ኮይል ሁለት ካንዴላ በአንድ ጊዜ ያስነሳል፣ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ጭስ እያስወጣ ባለው ሲሊንደር ውስጥ በከንቱ።

ከሁሉ የሚበልጠው የሚቀጥለው ደረጃ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ እሳቱ 10 ዲግሪ ላይ እንዲቆለፍ ይታዘዛል፤ ሰንጠረዡ ለጊዜው ይረሳል። ታይሚንግ ላይቱ በአንደኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ይታሠራል። በላዳ ሞተር የፊት ሽፋን ላይ የ10፣ የ5 እና የ0 ዲግሪ ሦስት ምልክቶች አሉ። ብርሃኑ ሲያርፍበት የፑሊው ምልክት ከ10ሩ ፊት ለፊት ካልቆመ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው የማካካሻ ቁጥር እስኪገጥም ይስተካከላል። ከዚያ ሞተሩ ወደ 3,000 ይነሳል፣ ምልክቱም ንቅንቅ ማለት የለበትም። ዙሩ ሲጨምር እየሸሸ ከሄደ የሴንሰሩ ሁለት ገመዶች ተገልብጠው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ላፕቶፑ ላይ የሚነበበው ዲግሪ ሁሉ ሐሰት ነው። ቁጥር የሚያሳይ ዘመናዊ ላይት የያዘ ሰውም ይጠንቀቅ፤ ካንዴላው በየዙሩ ስለሚተኩስ አንዳንዱ ላይት ዲግሪውን እጥፍ አድርጎ ያነባል። ይህን ፍተሻ ዘለው ሰንጠረዥ መሙላት የጀመሩ ሰዎች የሚያጠፉት ጊዜ ያሳዝናል፤ በስምንት ዲግሪ የተዛባ ገበታ ላይ ግማሽ ዲግሪ ሲጨምሩና ሲቀንሱ ይውላሉ።

ሰንጠረዡ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው ለውጥ ጉልበት አይደለም። ሚኒሞው ነው። ከ900 ዙር በታች ባሉት ሳጥኖች ውስጥ ለምሳሌ 18፣ 900 ላይ 12፣ ከዚያ በላይ ጥቂት ያነሰ ዲግሪ ይጻፋል። ሞተሩ መድከም ሲጀምር እሳቱ ቀድሞ ያነሳዋል፣ ሲፈጥን ይይዘዋል። የፊት መብራት ሲበራ ይጠፋ የነበረ መኪና ካርቡራተሩ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለተኛው ኮይሉ ነው። ኮይሉን የሚያስሞላው የዲስትሪቢዩተሩ መገናኛ፣ ፖይንቱ፣ በላዳ ለ55 ዲግሪ የዲስትሪቢዩተር ዙር ተዘግቶ ይቆያል፤ በ800 ዙር ይህ 23 ሚሊሰከንድ ነው፣ በ6,000 ደግሞ 3 ብቻ። ኮይሉ ቆሞ ሲያንኮራፋ ይግላል፣ ሲሮጥ ደግሞ ይራባል። ኮምፒውተሩ በሁለቱም ጊዜ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሞላዋል፤ ባትሪ ሲደክምም ጊዜውን ያስረዝማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሰንጠረዡ አንዱ ጎን የዙር ብዛት ነው፤ ሌላው የማኒፎልድ ግፊት፣ ከ20 ወይም ከ30 ኪሎፓስካል እስከ 100። የማኒፎልዱን ግፊት የሚለካው ማፕ ሴንሰር ከአሮጌዋ ቫኪዩም የሚለየው ከውጭው አየር ጋር ሳያነጻጽር መለካቱ ነው። 45 ጅቡቲም አዲስ አበባም 45 ነው፤ የሚከፈተውም ያው ረድፍ ነው። ከላይ ያነሳሁት የቫኪዩም መታለል በዚህ ይፈወሳል። ከማፕ ሴንሰር ይልቅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ብቻ በሚያይ ሴንሰር የሚሠሩ አሉ፤ እነሱ ለከፍታ ዕውር ስለሆኑ እዚህ አገር አልመክራቸውም።

ሆኖም ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ፔዳሉ ወለሉን ቢበሳ እንኳ 77ን አያልፍም። ከ80 እስከ 100 ያሉት ረድፎች አይከፈቱም። ባለሙያው ወር ሙሉ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቃሊቲ ቢመላለስ አንድም ጊዜ አይገባባቸውም። ባዶ ግን አይደሉም። ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ወይ ከሌላ ሰው ሞተር የተቀዳ፣ ወይ ከታችኛው ረድፍ ላይ ተጎትቶ የተሞላ። እነዚህ ረድፎች መጀመሪያ የሚከፈቱት መኪናው ወደ አዋሽ ሲወርድ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ግፊቱም ወደ 90 ኪሎፓስካል ይደርሳል። የሚከፈቱትም ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ መኪናው ሰውና ሻንጣ ተሸክሞ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ የማንኳኳቱ ድምፅ በነፋስ ተውጦ ነው። ሞተር ለማንኳኳት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በአንድ ቦታ ተገናኘ።

ዲስትሪቢዩተሩም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ቀድሞ ተስተካክሎ አዋሽ ሲወርድ ያንኳኳል፤ የቆላ መንገድ ሾፌሮች ወርደው ትንሽ የሚመልሱት በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ የስህተቱ መጠን ነው። ዲስትሪቢዩተር በክብደቶቹ ስለታሰረ ከፋብሪካው መስመር ብዙ ሊርቅ አይችልም። ሰንጠረዡ ግን ማንኛውንም ቁጥር ይቀበላል። አንድ ሳጥን ላይ በ26 ፈንታ በስህተት 36 ቢጻፍ የሚቃወም ብረት የለም፤ ባለቤቱም ኮምፒውተር ስላለ ነገሩ ተመልክቷል ብሎ ተማምኖ ይረግጣል። ዘመናዊ መኪኖች ሞተር ብሎኩ ላይ የሚያዳምጥ ሴንሰር ስላላቸው ማንኳኳት ሲጀምር ራሳቸው ያዘገያሉ። በርካሽ የተገጣጠመ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይህ የለውም።

የሚገኘው ትርፍስ ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ የሻጮችን ወሬ ቀነስ አድርጎ መስማት ይበጃል። የሞተር ጉልበት ከተመቸው ዲግሪ አካባቢ ጠፍጣፋ ነው፤ 5 ዲግሪ ቢዘገይ የሚታጣው 2 በመቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ፋብሪካው ባሰበው አገር የሚነዳ ጤነኛ ዲስትሪቢዩተር ያለው ሰው ሙሉ ጋዝ ላይ ይህን ያህል የሚያገኘው የለም። ስህተቱ እጥፍ ሲሆን ግን ኪሳራው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከፍታ ላይ፣ ፔዳል በስሱ ተረግጦ፣ ቫኪዩሟ በተታለለችበት ወይም ከናካቴው በሌለችበት ጊዜ ስህተቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። የከተማ ታክሲ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ ትርፉን መፈለግ ያለብን በነዳጅ ማደያው ሒሳብ ውስጥ እንጂ ዳገት ላይ በሚደረግ ፉክክር አይደለም።

ይህን ሁሉ ብዬ ለእያንዳንዱ ባለ ላዳ ግዛ አልልም። ፖይንት መንገድ ዳር በጥፍር ሞረድ ይጠረጋል፤ የተቃጠለ ሰሌዳ አይጠረግም። በላዳው እንጀራ ለሚበላ ሰው ፖይንቱን ብቻ በኤሌክትሮኒክ መቀስቀሻ መተካት፣ ያረጀችውን ቫኪዩም መቀየርና የክብደቶቹን ስፕሪንግ መፈተሽ ግማሹን መንገድ ያስኬደዋል፤ አብዛኛው አሮጌ ዲስትሪቢዩተር ሲከፈት ክብደቶቹ በዝገት የተያዙ ናቸው። ሰንጠረዡ የሚገባው ላፕቶፑም ትዕግሥቱም ላለው ነው። መንገድ ላይ ቆሞ መቅረትን ለሚፈራ ሰው የፎርድ ኢዲስ ሞጁልን የመሰለ አካሄድ ልብ ይማርካል። ሞጁሉ ካንዴላውን ለብቻው ያስነሳል፤ ፕሮግራም የሚደረገው ሰሌዳ የሚልክለት ስንት ዲግሪ የሚለውን ብቻ ነው፣ ያንንም በምልክቱ ርዝመት ነው የሚናገረው፤ 1,536 ማይክሮሰከንድ ከሆነ 0 ዲግሪ፣ 1,280 ከሆነ 10። ሰሌዳው ቢሞት ሞጁሉ በራሱ ወደ 10 ዲግሪ ይመለሳል፤ መኪናው ይሰንፋል እንጂ አይቆምም። አዲስ የሚሠሩ ሥርዓቶች ሁሉን በአንድ ሰሌዳ ሲያደርጉ ይህን መልካም ጠባይ ጥለውታል፤ አልወደድኩላቸውም።

ለሚገጥም ሰው ያልተሞከሩትን ረድፎች እንዴት ይሙላ የሚለው ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ 75 ኪሎፓስካል ላይ 30 ዲግሪ በደስታ የተቀበለ ሞተር 90 ላይ ያንኑ ይቀበላል ተብሎ አይታሰብ፤ ለጊዜው 24 ወይም 25፣ 100 ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይጻፍ። ጉልበት ቢጎድል የሚጎድለው ጥቂት ነው። ከዚያ መኪናው አንድ ቀን ሆን ተብሎ ይውረድ፤ አንድ ሰው መሪ ላይ፣ ሌላው ላፕቶፑን ይዞ፣ ከሞተር ብሎኩ ጋር በብሎን ከታሠረ የመዳብ ቱቦ ጎማ ስቦ በጆሮው እያዳመጠ። የላዳ ሞተር ሲያንኳኳ ድምፁ 7 ኪሎኸርዝ አካባቢ ስለሆነ በቱቦው ውስጥ ከሌላው ጫጫታ ተለይቶ ይሰማል። ጠዋት በቀዝቃዛው ይሞከር፣ ቀትር ላይ ይደገም፤ የሁለቱ ልዩነት ለሚገባው አየር ሙቀት የሚቀነሰው ዲግሪ ሆኖ በማስተካከያው ገበታ ውስጥ ይገባል። ፋይሉም ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት ከላፕቶፑ ሌላ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ መካኒኩ ላፕቶፑን ሲቀይር ሰንጠረዡ አብሮ የጠፋበት ባለ መኪና እንደገና ከቃሊቲ መንገድ ይጀምራልና።